የእንግሊዝኛ ጥያቄ ሲከብድ ማን ይጠየቅ? መጽሐፍ፣ መምህር፣ ቴሌግራም ወይስ ኤአይ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእንግሊዝኛ የቤት ሥራው ላይ ሦስት ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ባዶ ቦታ የሚያስሞላ የሰዋስው ጥያቄ፣ ከአጭር ልብ ወለድ ወይም ከግጥም የወጣ ጥያቄ፣ እንዲሁም «ተማሪ ስልክ ይዞ ትምህርት ቤት መግባት አለበት ወይስ የለበትም?» ዓይነት የማሳመኛ ድርሰት። ሦስቱም በአንድ ደብተር ይጻፋሉ፣ አንድ መምህር ያርማቸዋል፤ መልሳቸው የሚገኝበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። የሰዋስው መልስ ሕጉ ውስጥ አለ። የሥነ ጽሑፍ መልስ እዚያው ምንባቡ ውስጥ አለ። የማሳመኛ ድርሰት መልስ ግን የትም ተጽፎ አልተቀመጠም፤ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሌላ ሰው አንብቦት ሲቀበለው ነው። ስለዚህ «ከመጽሐፍና ከኤአይ (እንደ ቻትጂፒቲ ካለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የቱ ይሻላል?» ብሎ በጥቅሉ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። መጀመሪያ የሚለየው የጥያቄው ዓይነት ነው።

ጉዳዩ ችላ የሚባል አይደለም። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም የተፈጥሮ ሳይንስም የማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪ እንግሊዝኛን ይፈተናል። ፈተናው በምርጫ ስለሆነ ተማሪው በሰዋስውና በምንባብ ላይ ሲረባረብ መጻፍን ይተወዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን በመጀመሪያው ዓመት የእንግሊዝኛ ኮርስ ድርሰት ጻፍ ይባላል፤ ያልለመደው እጅ ደግሞ በአንድ ሴሚስተር አይፈታም።

ለሰዋስው፦ መጽሐፍ ይቅደም

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ቢባል እንከን አይወጣለትም። ይህን የለመደ ተማሪ በእንግሊዝኛም «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብሎ ይጽፋል፤ ይሄ ስሕተት ነው። «የስተርዴይ» አልቆ የተዘጋ ጊዜን ይጠቅሳል፤ ያለቀ ጊዜ በስሙ ከተጠራ «ሃቭ ሲን» ይወጣና «ሶው» ይገባል። «አይ ሃቭ ሲን ሂም» ብሎ ማቆም ይቻላል፣ «የስተርዴይ»ን ማስከተል ግን አይቻልም።

ለዚህ ጥያቄ የቴሌግራም ቻናል የሚሰጠው መልስ «ቢ» የሚል አንድ ፊደል ነው። የሰዋስው መጽሐፍ ሕጉን ከነምሳሌው፣ ከመልመጃው ጋር ይሰጣል። ኤአይ ሕጉንም ምሳሌውንም በፍጥነት ይደረድራል። አማርኛ የሚችል ጥሩ መምህር ደግሞ ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ የማያነሱትን ይጨምራል፤ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ፣ ማለትም ከራሳችን ቋንቋ ልማድ እንደመጣ ያሳያል። እንዲህ ያሉ ስሕተቶች ብዙ ናቸው፤ ሁልጊዜም የሚመላለሱት እነሱ ናቸው። «ኦልዞው ኢት ወዝ ሬይኒንግ፣ በት ዊ ዌንት አውት» የሚለው የመጣው «ቢዘንብም ግን ወጣን» ከሚለው ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት» ይወጣል። «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» የመጣው «እመጣለሁ አለ» ከሚለው ነው፤ ንግግሩ በጥቅስ ምልክት ካልታጠረ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም» መሆን አለበት። «መረጃዎች» ስለምንል «ኢንፎርሜሽንስ» እንጽፋለን፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ አይበዛም፣ «አድቫይስ»ም እንደዚሁ።

ስለዚህ ለሰዋስው መነሻው መጽሐፍ ይሁን። በአንድ ገጽ ማብራሪያ፣ በፊት ለፊቱ ገጽ መልመጃ፣ በመጨረሻው ደግሞ መልስ ያለው ዓይነት ለብቻ ለሚያጠና ተማሪ በጣም ይመቻል። ደረጃውን ለመለየት መሃል ላይ ገልጣችሁ አንድ ማብራሪያ አንብቡ፤ በማብራሪያው ውስጥ ከአምስት በላይ የማታውቁት ቃል ካለ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን እትም ያዙ። ብዙ ተማሪ መጽሐፉን ከገጽ አንድ ይጀምርና «ቴንስ» የሚባለውን ሳይጨርስ ይተወዋል። መጽሐፉ ግን እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ አይደለም። ጥያቄ ስትስቱ ከኋላ ባለው ማውጫ ርእሱን ፈልጉ፣ ያችን አንድ ክፍል አንብቡ፣ መልመጃውን መልሱን ሳታዩ ሥሩ፣ ከዚያ አርሙ። ከሦስት ቀን በኋላ ያችኑ የሳታችሁትን ጥያቄ እንደገና ሞክሯት። ይህ ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ንባብ ይበልጣል፤ አብዛኛው ተማሪ የሚዘለውም እሱን ነው።

የቃልና የመስተዋድድ ጥያቄ ከሆነ ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ የተማሪ መዝገበ ቃላት ይቀርባል። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የተማሪ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ከአማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚለዩት ቃሉ የሚበዛ መሆን አለመሆኑን፣ ከየትኛው መስተዋድድ ጋር እንደሚሄድ፣ ከኋላው ምን ዓይነት ግስ እንደሚከተለው ስለሚናገሩ ነው። «ዲፔንድ» ከ«ኦን» ጋር እንደሚሄድ፣ «ማሪድ» «ቱ» እንጂ «ዊዝ» እንደማይል፣ «ዲስከስ» ከኋላው «አባውት» እንደማይፈልግ እዚያ ምሳሌው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አማርኛ ፍቺ ብቻ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት እዚህ ላይ አይረዳም።

ኤአይን በሰዋስው እንዴት እንጠቀምበት

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ለተለመደ የሰዋስው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ምርጫ ይመርጣሉ። ችግር የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። አንደኛ፣ ጥያቄውን ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩ ባዶ ቦታዋን ወይም ከሥር የተሰመረውን ቃል ሊስት ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩን ራሳችሁ ጻፉት። ሁለተኛ፣ ትክክል የሆነውን መልስ ሰጥቶ እንኳ «እርግጠኛ ነህ?» ስትሉት ይቅርታ ጠይቆ ሊቀይር ይችላል። ሦስተኛ፣ በአማርኛ አብራራ ሲባል የሰዋስው ስያሜዎችን ግራ በሚያጋባ መልክ ይተረጉማቸዋል፤ በቀላል እንግሊዝኛ እንዲያብራራ ማዘዝ ይሻላል።

ጥሩው አጠያየቅ ይህ ነው፦ «መልሱን አትንገረኝ። መልሱን የሚወስነው የዓረፍተ ነገሩ ቃል የትኛው እንደሆነ ብቻ አሳየኝ።» ከላይ ባየነው ምሳሌ «የስተርዴይ»ን ካሳያችሁ ቀሪው የእናንተ ሥራ ነው። መልሱን ከመረጣችሁ በኋላ ደግሞ የቀሩት ሦስት ምርጫዎች ለምን እንደማይሆኑ አንድ በአንድ ጠይቁት። ማብራሪያው ከመጽሐፉ ጋር ከተጋጨ መጽሐፉን ያዙ።

የቴሌግራም ቻናልና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች

ቴሌግራም ላይ ትልቁ ሀብት ጥያቄው ነው እንጂ መልሱ አይደለም። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችና የየትምህርት ቤቱ ሞዴል ፈተናዎች በፒዲኤፍ ይገኛሉ፤ ይህን የሚተካ ልምምድ የለም። አብሯቸው የሚለቀቀው መልስ ግን ማን እንደሠራው አይታወቅም። ሁለት ቻናሎች ለአንድ ፈተና የተለያየ መልስ ይለጥፋሉ፤ የጥያቄው ቅደም ተከተል እንደ ፈተናው ኮድ ስለሚለያይም የአንዱ መልስ በሌላው ወረቀት ላይ ይነበባል። ስለዚህ ፈተናውን አውርዱ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፣ መልሱን ግን ከሁለት ቦታ አመሳክሩ፤ ካልተስማሙ ያ ጥያቄ ለመምህር የሚቀርብ ነው።

በፈተና ሰሞን «ዘንድሮ የሚወጣው ፈተና አለን፣ ብር ላኩ» ለሚለው ጆሮ አትስጡ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ የተደረገው ስርቆትንና ኩረጃን ለማስቆም ነው። ብሩ ይሄዳል፣ ከብሩ በላይ ደግሞ የጥናት ጊዜ ይባክናል።

ለሥነ ጽሑፍ፦ ምንባቡ ራሱ፣ ከዚያ ጓደኛ

እንዲህ የሚል ምንባብ ቀረበ እንበል፦ «አባትየው ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ በዝግታ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ‹ደኅና ናቸው› አለ። እራት ቀርቦ ሳለ ግን ሁለት ጊዜ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።» ጥያቄው «አባትየው ምን ተሰምቶታል?» የሚል ነው።

ደካማው መልስ «አዝኗል፣ ምክንያቱም ደብዳቤው አሳዛኝ ነው» ይላል። ደብዳቤው አሳዛኝ ነው ብሎ ምንባቡ የትም አልተናገረም። ጥሩው መልስ ሦስት ክፍል አለው። ሐሳብ፦ አባትየው ተጨንቋል፣ ጭንቀቱን ግን ከቤተሰቡ ደብቋል። ማስረጃ፦ በአፉ «ደኅና ናቸው» ብሎ እጁን ግን ሁለት ጊዜ ወደ ኪሱ ይሰዳል። ማብራሪያ፦ ነገሩ በእርግጥ ደኅና ቢሆን ኖሮ ያጣጠፈውን ደብዳቤ ባልነካካው ነበር፤ ቃሉና እጁ አለመስማማታቸው ስሜቱን ያጋልጣል። ነጥብ የሚያስገኘው ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ተማሪ ቶሎ የሚያቆመው ግን ሁለተኛው ላይ ነው። ማስረጃው አጭር ይሁን፤ ሙሉ አንቀጽ ገልብጦ መጻፍ ማስረጃ አይባልም፣ ከሦስት እስከ ስድስት ቃል ይበቃል።

ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ኤአይ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው የታሪኩን ርእስ ብቻ ስትሰጡት ነው። ምንባቡን ሳያይ ከልቡ ያወጣውን ዓረፍተ ነገር በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቶ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ታሪኩ ውስጥ ላይኖር ይችላል። መልስ ላይ ያስገባችሁት እያንዳንዱ ጥቅስ በምንባቡ ላይ በጣት የሚነካ መሆን አለበት። ምንባቡን በሙሉ ስትሰጡት የተሻለ ይሠራል፤ ቢሆንም መልሱ «ፍቅር፣ ተስፋ፣ ትግል» ወደሚሉ ለማንኛውም ታሪክ ወደሚሆኑ ጥቅል ቃላት ያዘነብላል። የታሪክ ማጠቃለያ የሚሰጡ ድረ ገጾች ረጅም ልብ ወለድ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ለማስታወስ ይጠቅማሉ፤ ደራሲው ለምን ይህን ቃል እንደመረጠ ለሚጠይቅ ጥያቄ ግን አይሆኑም።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስት ወይም አራት ሆኖ ማጥናት ነው። አንዷ «ተጨንቋል» ስትል ሌላው «ተናድዷል» ይላል፤ ሁለቱም ወደ ምንባቡ ተመልሰው መስመር መጥቀስ ይኖርባቸዋል። መስመር ያጣ ሐሳቡን ይተዋል። ይህ ክርክር በስልክ ከሚገኝ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ የማንበብ ዓይን ይከፍታል። መምህሩንም «የታሪኩ ጭብጥ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ይቺ መስመር ይህን ሐሳቤን ትሸከማለች?» በሏቸው።

ግጥም ላይ «ሲሚሊ ነው»፣ «ሜታፈር ነው» ብሎ ስም መጥራት መልስ አይሆንም፤ ዘይቤው ምን እንደሠራ መነገር አለበት። በቅኔ ያደገ አንባቢ ሰምና ወርቅ መፈለግ ስለሚያውቅበት በእንግሊዝኛ ግጥም ላይ ጥሩ መነሻ አለው። አደጋው ግን ሰሙ ሳይጣራ ወርቅ መፈለጉ ነው። መጀመሪያ በግጥሙ ውስጥ በግልጽ ምን እየሆነ እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ የተደበቀው ትርጉም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምንባቡ በምርጫ የሚፈተን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። «ኦልዌይስ»፣ «ኔቨር»፣ «ኦንሊ» ያለበትን ምርጫ ምንባቡ በዚያው ልክ አጥብቆ ካልተናገረ ተጠራጠሩት። የምንባቡን ቃላት እንዳሉ የደገመ ምርጫም ብዙ ጊዜ ወጥመድ ነው፤ ትክክለኛው በሌላ ቃል ያንኑ ይላል። በ12ኛው መስመር ያለው «ኢት» ምንን ይተካል ሲባል የመረጣችሁትን ስም በቦታው አስገብታችሁ ዓረፍተ ነገሩን አንብቡት፤ ካልሰመረ ሌላ ፈልጉ።

ለማሳመኛ ድርሰት፦ ሰው አንባቢ

250 ቃል ለሚጠይቅ ድርሰት ይህ ክፍፍል ይሠራል፦ መግቢያ 40 ቃል፣ ሁለት ምክንያቶች እያንዳንዳቸው 70 ቃል፣ የተቃዋሚው ሐሳብና ምላሹ 45 ቃል፣ መዝጊያ 25 ቃል። አቋማችሁ በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ይታወቅ። በአማርኛ ድርሰት ከሩቅ ተነስቶ፣ በተረትና ምሳሌ አዋዝቶ ወደ ነገሩ መድረስ ያምራል፤ የእንግሊዝኛ አራሚ ግን አቋሙን እስከ ሦስተኛው አንቀጽ ካላገኘው ነጥብ ይቀንሳል።

ምክንያት የሚባለው አንባቢው በዓይኑ የሚያየው ሲሆን ነው። «ስልክ መጥፎ ነው፣ ይህን ሁሉም ያውቀዋል» ማንንም አያሳምንም። «60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ስልክ ሲጮኽ መምህሩ ያቋርጣሉ፣ ሁሉም ወደ ድምፁ ይዞራል፣ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ ደቂቃዎች ይሄዳሉ» ያሳምናል። «90 በመቶ ተማሪ በስልክ ምክንያት ይወድቃል» ብሎ ከየትም ያልመጣ ቁጥር መጻፍ ደግሞ ድርሰቱን ያበላሻል፤ ኤአይም ተመሳሳይ የፈጠራ ቁጥር ሊሰጣችሁ ስለሚችል ምንጩን በራሳችሁ ያላያችሁትን ቁጥር አታስገቡ። የተቃዋሚውን ሐሳብ ስታነሡ ጠንካራውን አንሡ፤ «ወላጅ ልጁን በአደጋ ጊዜ ሊያገኘው ይገባል» የሚለውን መመለስ ይከብዳል፣ ስለዚህም ተመልሶ ሲታይ ያስከብራል።

በአማርኛ ጽፎ በጉግል ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ብዙዎች የሚያዘወትሩት መንገድ ነው፤ እኛ አንመክርም። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ አድርጎ ይረዝማል፣ ባለቤቱንም በግሱ ውስጥ ይደብቃል፤ ትርጉሙ ላይ «ሂ» እና «ሺ» ይምታታሉ፣ አንዱ ረጅም ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሦስት የተሰባበረ ይሆናል። የሚሻለው ዕቅዱን፣ ማለትም አቋሙንና ምክንያቶቹን፣ በአማርኛ በአራት መስመር አስፍሮ ዓረፍተ ነገሮቹን ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር አያሳፍርም።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአንድ ሰው ስጡት። ታላቅ ወንድም፣ የክፍል ጓደኛ፣ ጎረቤት መምህር ሊሆን ይችላል። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ምን እንድታደርግ ወይም ምን እንድታምን የፈለግሁ ይመስልሃል?» እና «ከምክንያቶቹ የቱ ደከመብህ?» ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጠው መልስ እናንተ ካሰባችሁት ከተለየ ችግሩ ከሰዋስው በላይ ነው፤ መግቢያው እንደገና ይጻፍ። ኤአይ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ትእዛዙም «እንደገና ጻፍልኝ» ሳይሆን «ስሕተት ያለበትን ቦታ ቁጥር ስጥበት፣ ማረሙን እኔ አርማለሁ» ይሁን። እንደገና ጻፍልኝ ስትሉት የሚመጣው ጽሑፍ የተስተካከለ ቢሆንም የእናንተ አይደለም፤ በክፍል ስትናገሩና በፈተና ስትጽፉ የሚያውቃችሁ መምህር ልዩነቱን ይለየዋል። በኤአይ የተጻፈን ጽሑፍ እንለያለን የሚሉ ሶፍትዌሮች በሁለቱም በኩል ስለሚሳሳቱ፣ ራሱ የጻፈ ተማሪ ረቂቆቹን ይዞ ማቆየቱ መከላከያው ነው።

ልጆቻቸው በውጭ አገር ለሚማሩ ወላጆች

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች የተቀበሉት ኮመን ኮር የሚባለው የትምህርት መስፈርት በ7ኛ ክፍል ተማሪው የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በጽሑፉ እንዲያነሣ ይጠይቃል። ልጁ ጥሩ እንግሊዝኛ ጽፎ ነጥብ የሚያጣው አንዳንዴ ይህን ክፍል ረስቶ ነው። እንግሊዝኛው ከወላጁ የተሻለ ልጅም ቢሆን ድርሰቱን በአማርኛም ሆነ በተቀላቀለ ቋንቋ በቃሉ እንዲያስረዳ ማድረግ ይቻላል፤ ወላጅ «ሌላው ወገንስ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል። በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች በ16 ዓመታቸው ገደማ በሚወስዱት ጂሲኤስኢ በሚባለው ብሔራዊ ፈተና፣ የሥነ ጽሑፉ ላይ ደግሞ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ አይገባም፤ እዚያ ለሚፈተን ልጅ አጫጭር ጥቅሶችን በገጸ ባሕርይና በጭብጥ ለይቶ በትናንሽ ካርዶች መያዝ ከማጠቃለያ ንባብ ይቀድማል።

አስጠኚ መቅጠር መቼ ያዋጣል?

ለሰዋስው ብቻ ከሆነ ገንዘቡን አታውጡ፤ መጽሐፉ ይሠራዋል። የሚያዋጣው ለመጻፍ ነው፤ ጽሑፍ ተቀብሎ፣ አርሞ፣ እንደገና አስጽፎ የሚያይ ሰው በሌላ መንገድ አይገኝም። አራት ተማሪ ተሰባስቦ አንድ አስጠኚ ቢይዝ ወጪው ይቀንሳል፣ አንዱ የሌላውን ረቂቅ ማንበብም ይለምዳል። ከመቅጠራችሁ በፊት መልሷን የምታውቋትን አንዲት የምርጫ ጥያቄ ስጡት። ትክክለኛውን ብቻ ነግሮ ካለፈ ሌላ ፈልጉ፤ የቀሩት ሦስቱ ለምን እንደማይሆኑ ካስረዳ ግን ሥራውን ያውቃል። የቤት ሥራውን ራሱ የሚሠራ አስጠኚ ገንዘብ እየተከፈለው ተማሪውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

የሚጠየቀው ማንም ይሁን፣ ጥያቄው ሙሉ ሆኖ ይቅረብ። «ቁጥር 14 አልገባኝም» ለመምህሩም ለጓደኛም ለኤአይም የማይመች ጥያቄ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ፣ አራቱን ምርጫዎች፣ የመረጣችሁትን፣ የመረጣችሁበትን ምክንያትና የተጠራጠራችሁበትን ቃል ጻፉ፦ «‹ሃቭ ሲን›ን የመረጥኩት ድርጊቱ በቅርብ ስለሆነ ነው፤ ‹የስተርዴይ› መኖሩ ግን አጠራጠረኝ።» እንዲህ ጽፎ ከጨረሰ ተማሪ ጥቂት የማይባለው ጥያቄውን ሳይልክ መልሱን ያገኘዋል።